«ጨው ጨው ነው» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ፦ አዮን የፕሮቲኑ አካል ነው

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ባዮሎጂ የሚማረው የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው እንዴ? ለፈተና እያጠናሁበት ነው» ይላል መልእክቱ። ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አንዲት ቡና ቤት ገባሁና ማኪያቶ አዝዤ ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ ስጨርስ ማኪያቶው ቀዝቅዟል። ርዕሱ «ፕሮቲን ራሱን ይገጣጥማል፤ ጨው ጨው ነው» ይላል። አማርኛው ያምራል። ጸሐፊው ሳይንስን በአማርኛ ለመጻፍ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል፣ እንዲህ የሚደክም ሰው ብዙ የለንም። ዋናው ሐሳባቸው ግን የተሳሳተ ነው። ተማሪዎች ደግሞ እያጠኑበት ነው።

ላላነበባችሁት ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሴል ከውጭ የሚመጣለትን መልእክት የሚያነቡለትና ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉለት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ አንድ ወጥ አይደሉም። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ቁራጮች ተገጣጥመው ነው የሚሠሩት። ቁራጮቹን ሰብዩኒት እንላቸዋለን። እስከዚህ እንስማማለን። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ግጥሚያውን የሚወስነው ዘረመል ላይ የተጻፈው የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ጡቦች) ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ማለት ቻርጅ ማለት ስለሆነ ካልሲየም ሆነ ማግኒዚየም ለውጥ የለውም። ሦስተኛ፣ አዮን ቢበዛ ሙጫ ነው እንጂ መልእክት ውስጥ እጁ የለበትም። አራተኛ፣ አዮን ሲወጣ ፕሮቲን ይፈርሳል የሚባለው የሙከራ ቱቦ ውስጥ ብቻ የሚታይ ነው። አምስተኛ፣ ይሄ ሁሉ የሀብታም አገር ምርምር ስለሆነ ለእኛ አይጠቅምም።

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ግን ይሄ ጉዳይ በየቀኑ እጄ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ በተራ ልመልስ።

ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የሚወስነው ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት አሜሪካዊውን ባዮኬሚስት ክርስቲያን አንፊንሰንን ነው። አንፊንሰን ሪቦኑክሊየስ የሚባለውን ኢንዛይም በኬሚካል ፈትቶ ዘረጋው። ኬሚካሉን ሲያስወግድለት ፕሮቲኑ ያለማንም እርዳታ ተመልሶ ታጠፈ፣ ሥራውንም ጀመረ። በዚህ ሥራ በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፈለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቆሙ። አንፊንሰን ግን አላቆመም። በ1973 ሐሳቡን በጽሑፍ ሲያስቀምጥ፣ ፕሮቲን ትክክለኛ ቅርጹን የሚይዘው በተፈጥሮ አካባቢው ውስጥ ሲሆን ነው ይላል፤ አካባቢ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነም ይዘረዝራል፦ ፈሳሹ፣ አሲድነቱ፣ ሙቀቱ፣ የአዮኖቹ መጠን፣ እንደ ብረታ ብረት አዮን ያሉ ሌሎች አካላት መኖራቸው። ስለዚህ አዮኑን ከሒሳቡ ያወጡት ጸሐፊው ናቸው፣ አንፊንሰን አላወጣውም።

ደግሞ ሪቦኑክሊየስ አንድ ሰንሰለት ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። የምንከራከረው ግን ብዙ ቁራጭ ስላላቸው ነው። በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ያሉትን የፖታሲየም በሮች እንውሰድ። አንዱ በር የሚሠራው ከአራት ሰብዩኒቶች ነው፣ አራቱ መሃል ላይ ቀዳዳ ትተው ክብ ይሠራሉ። ከእነዚህ በሮች ብዙዎቹ ላይ ሰብዩኒቱ ከጎረቤቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ የዚንክ አዮን ተቀምጦ ይገኛል። ዚንኩን የሚይዙት አሚኖ አሲዶች ከሁለቱም ጎረቤቶች የተዋጡ ናቸው። አንዳንዱ ቤተሰብ ይሄ የዚንክ መቀመጫ አለው፣ ሌላው የለውም፣ ማን ከማን ጋር ይገጥማል በሚለው ጉዳይ ላይም መቀመጫው ድርሻ አለው። ጸሐፊው «ይሄውላችሁ፣ መቀመጫውን የሚጽፈው ቅደም ተከተሉ ነው» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው። ቅደም ተከተሉ የዚንኩን መቀመጫ ይጽፋል፣ ዚንኩን ግን መጻፍ አይችልም። ዚንክ ከምንበላው ነው የሚመጣው።

አሁን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዘልዬ ወደ አራተኛው ልሂድ፣ ያንገበገበኝ እሱ ስለሆነ። «የሙከራ ቱቦ ውስጥ ብቻ» የሚለው።

የደም ሙሉ ቆጠራ፣ እኛ ሲቢሲ የምንለው፣ የሚሠራው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ በተቀዳ ደም ነው። ቱቦው ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ኢዲቲኤ ካልሲየምን አንቆ ይይዛል፣ ካልሲየም የሌለው ደም ደግሞ አይረጋም፣ ስለዚህ ማሽኑ ተረጋግቶ ይቆጥራል። አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ሌላ ቦታ ተመርምረው ፕላትሌታቸው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ትንንሽ የደም ሴሎች ማለት ነው፣ 31 ሺህ ነው ተብለዋል። ጤነኛ ሰው ከ150 ሺህ በላይ ነው የሚኖረው። ልጅቷ ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ ዓይኗ አብጧል። እናትየውን አየኋቸው፤ ቆዳቸው ላይ የደም ነጥብ የለም፣ ድዳቸው አይደማም፣ እንዲያውም «እኔ ምንም አላመመኝም፣ ይቺ ናት የያዘችኝ» እያሉ ይስቃሉ። እንደገና ቀዳሁና ማሽኑ ላይ አስገባሁት፣ 29 ሺህ አለ። ስላይድ ሠርቼ በማይክሮስኮፕ ስመለከት የስላይዱ ጠርዝ ላይ ፕላትሌቶቹ ተቋጥረው ተቋጥረው አሉ። ማሽኑ ቋጠሮውን እንደ ፕላትሌት ስለማይቆጥረው ነው ቁጥሩ የወረደው። ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ፣ ሲትሬት ባለው ማለት ነው፣ ድጋሚ ቀዳሁ። በሲትሬቱ የቀጠነውን አስተካክዬ ስሠራው 214 ሺህ ሆነ። ሴትየዋ ጤነኛ ናቸው።

ምን ሆኖ ነው? የፕላትሌት ሽፋን ላይ ኢንተግሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ከአልፋና ከቤታ ሰብዩኒት የተሠራ። ፕላትሌት «ቁስል አለ፣ ተያያዝ» የሚለውን መልእክት የሚቀበልበትም የሚያስተላልፍበትም ነው። ሁለቱ ሰብዩኒቶች እንደተያያዙ እንዲቆዩ ካልሲየም ያስፈልጋቸዋል። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ሲመዝዘው ቅርጻቸው ይለወጣል፣ በሰውነት ሙቀት ብዙ ከቆየ ደግሞ ሁለቱ ጭራሽ ይላቀቃሉ። ቅርጹ ሲለወጥ ተሸፍኖ የነበረ ገጽታ ብቅ ይላል። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ያንን ገጽታ የሚያውቅ አንቲቦዲ አለ። አንቲቦዲው ይይዘዋል፣ ፕላትሌቶቹም ይቋጠራሉ። ሲትሬትም ካልሲየም ይይዛል፣ ግን እንደ ኢዲቲኤ አጥብቆ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቋጠሮው የሚፈታውም ለዚህ ነው።

አዎ፣ መቋጠሩ የሆነው ቱቦ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ሰውነት ውስጥ አልተቋጠረም። ግን ለምን አልተቋጠረም? ደም ውስጥ በሊትር 1.2 ሚሊሞል ገደማ ነጻ ካልሲየም ሁልጊዜ ስላለ ነው። ሁለቱ ሰብዩኒቶች ቀን ከሌሊት ካልሲየማቸውን ታቅፈው ነው የሚኖሩት። ቱቦው ያሳየን ሰውነት ውስጥ ሁልጊዜ ያለውንና ልብ ያላልነውን ነገር ነው። የበር ማጠፊያ ውስጥ ያለችውን ዘንግ ማንም አያያትም፣ ስትመዘዝ ነው በሩ የሚወድቀው። በሩ ስለወደቀ «ዘንጓ የምትሠራው ስትመዘዝ ብቻ ነው» አይባልም።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር፣ ይሄኛው ከቱቦ ወጥቶ ወደ ሕመም ይሄዳል። ኖች የሚባል ሪሴፕተር፣ ማለትም መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን፣ አለ። ሴል ከጎረቤቱ ሴል ጋር የሚነጋገርበት ነው፤ ስሙ የመጣው ክንፏ ጫፉ ላይ ከተሸነቆረ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ኖች ሲሠራ አንድ ሰንሰለት ነው፣ ወደ ሴሉ ገጽ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። ሁለቱ ግማሾች ከዚያ በኋላ ያለ ጠንካራ ኬሚካላዊ ማሰሪያ ነው ተያይዘው የሚኖሩት። አጠገባቸው ሦስት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የካልሲየም አዮን ይይዛሉ። ተመራማሪዎች ሴሎች ላይ ኢዲቲኤ ሲጨምሩ ሁለቱ ግማሾች ተለያዩ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠራው፣ ጎረቤት ሳይናገር፣ ኖች መልእክቱን ወደ ውስጥ ላከ። ተላቀቀ ማለት በራ ማለት ነው።

ይሄ እንግዲህ ሰሃን ላይ ያለ ሴል ነው እንበል። በ2004 ግን ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ካንሰር የያዛቸው ታማሚዎች ተመረመሩ፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የኖች 1 ዘረመል ተበላሽቶ ተገኘ። ከብልሽቶቹ ብዙዎቹ ያሉት የት ነው? ሁለቱ ግማሾች የሚያያዙበት ቦታ ላይ። እዚያ ካልሲየሙን ያወጣው ሰው የለም፣ የላላው መጋጠሚያው ራሱ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፣ ግማሾቹ ላሉ፣ መልእክቱ ያለ ትእዛዝ በራ፣ ሴሉ መባዛቱን ቀጠለ። እንግዲህ የእነዚህ ቁራጮች መያያዝና መላቀቅ የቱቦ ወሬ ነው ማለት ይከብዳል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ «ቻርጅ ቻርጅ ነው» ወደሚለው ልመለስ። ካልሲየምም ማግኒዚየምም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፣ ይሄ እውነት ነው። ግን መጠናቸው አንድ አይደለም፤ ካልሲየም ወፈር ይላል፣ ማግኒዚየም ትንሽ ነው። ማግኒዚየም ትንሽ ስለሆነ በዙሪያው ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች አጥብቆ ነው የሚይዘው፣ ብዙውን ጊዜም ስድስት ጎረቤት ብቻ፣ እኩል እኩል ተራርቀው እንዲቆሙለት ይፈልጋል። ካልሲየም ለቀቅ ያለ ነው፣ ሰባትም ስምንትም ጎረቤት ይቀበላል፣ ውሃውንም ከማግኒዚየም ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ፈጥኖ ይለውጣል። ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት ለሚፈልግ መልእክት ይሄ ወሳኝ ነው።

ካልሞዱሊንን ተመልከቱ። 148 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ አራት የካልሲየም መቀመጫ አለው። እረፍት ላይ ያለ ሴል ውስጥ ነጻው ማግኒዚየም ከነጻው ካልሲየም በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ቻርጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማግኒዚየም አራቱንም መቀመጫ ሞልቶ ካልሞዱሊን ሁልጊዜ እንደበራ ይቀር ነበር፣ ልባችንም እንዲህ በሥርዓት አይመታም ነበር። እንደዚያ አይሆንም። ሴል ውስጥ ያለው ካልሲየም ከእረፍት መጠኑ አሥር እጥፍ ገደማ ከፍ ሲል መቀመጫዎቹ ይሞላሉ፣ ካልሞዱሊን ይከፈታል፣ ከሌላ ፕሮቲን ላይም ይጠመጠማል። ከሚጠመጠምባቸው አንዱ ካም ካይኔዝ ሁለት ነው፣ አሥራ ሁለት ሰብዩኒት ያለው ያ ትልቅ ፕሮቲን፣ አንጎላችን ውስጥ ለማስታወስ ከሚያገለግሉት ዋናዎቹ መካከል ነው። ካልሲየም የያዘ ካልሞዱሊን ሲመጣለት ጎን ለጎን ያሉት ሰብዩኒቶች አንዱ ሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። በዚህ ምክንያት ካልሲየሙ ከወረደ በኋላም እንኳ ለጊዜው እንደበሩ ይቆያሉ። ይሄ የሚሆነው ስለተገጣጠሙ ነው፣ ለየብቻ ቢሆኑ ጎረቤት አይኖራቸውም ነበር።

ቅድም ያነሳሁትን ኢንተግሪንም እዚህ ላይ ልጨምር። ማንጋኒዝም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው ያለው። ማንጋኒዝ ስትጨምርለት ኢንተግሪን ይነቃል፤ ካልሲየም ደግሞ አንደኛው መቀመጫ ላይ ሲገባ ያበርደዋል። ቻርጃቸው አንድ፣ ሥራቸው ተቃራኒ።

ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ሲድኒ ሪንገር የሚባል የለንደን ሐኪም ከእንቁራሪት የወጣ ልብ ጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ ይመለከት ነበር። በኋላ ሲጣራ ረዳቱ መፍትሔውን የሠራው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ ኖሯል። በተጣራ ውሃ ሲሠራ ልቡ መምታቱን አቆመ። የለንደን የቧንቧ ውሃ ውስጥ ካልሲየም ነበረበት። ሪንገር ይሄን በ1883 አሳተመ። «ጨው ጨው ነው» የሚለው ሐሳብ ያኔውኑ ነው የወደቀው።

ሦስተኛው ሙጫ የሚለው ነው። ካልሲየም ኢንተግሪንን ያያይዛል ብያለሁ፣ ስለዚህ ግማሹን እቀበላለሁ። ግን አዮን ሁልጊዜ አያጣብቅም። አንዳንዴ የሚያላቅቀው እሱ ነው፣ መላቀቁ ራሱ ደግሞ መልእክቱ ነው።

ጂ ፕሮቲኖች፣ ሪሴፕተር የተቀበለውን መልእክት ሴሉ ውስጥ የሚያቀብሉት፣ ሦስት ሰብዩኒት አላቸው፦ አልፋ፣ ቤታና ጋማ። ቤታና ጋማ አይለያዩም፣ አልፋ ነው የሚመጣ የሚሄደው። ከሴሉ ውጭ፣ ለምሳሌ አድሬናሊን፣ መልእክት ሲያመጣ አልፋ የያዘውን ጂዲፒ (ሁለት ፎስፌት ያለው ትንሽ ሞለኪውል) ጥሎ ጂቲፒ (ሦስት ፎስፌት ያለውን) ይይዛል። ጂቲፒውን ከማግኒዚየም ጋር ነው የሚይዘው። ከዚያ ቅርጹ ተለውጦ ከቤታና ጋማ ይላቀቃል ወይም ቢያንስ ይከፈትላቸዋል፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን መልእክት ይዞ ይሄዳል። አልፍሬድ ጊልማንና ማርቲን ሮድቤል በጂ ፕሮቲኖች ግኝት በ1994 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ላቦራቶሪ ለሚሠራ ሰው ልብ የሚነካ ነገር አለ። ፍሎራይድ ይሄን ሥርዓት እንደሚያነቃው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የጊልማን ላቦራቶሪ ፕሮቲኑን እያጣራ ሲሄድ ፍሎራይዱ ብቻውን አልሠራ አለ። ማግኒዚየምም ተጨምሮለት አልበቃም። የሆነ ሌላ ነገር ጎድሏል። ፈልገው ፈልገው ያ ነገር የተገኘው የት ይመስላችኋል? ከመስታወት የሙከራ ቱቦዎቹ ውስጥ እየሟሟ ይወጣ ነበር። አሉሚኒየም ነው። ስተርንዋይስና ጊልማን በ1982 አሳተሙት። በኋላ እንደታወቀው አንድ አሉሚኒየምና ፍሎራይዶች ተያይዘው ከጂዲፒው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ አልፋውም ሦስተኛው ፎስፌት የመጣለት ይመስለዋል። ተታልሎ ይከፈታል፣ ከጓደኞቹም ይላቀቃል። አንድ ሆርሞን ሳይመጣ፣ አዮን ብቻውን ሰብዩኒቶቹን አለያየ። ይሄ ሙጫ አይደለም።

ይሄን አንብቦ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ለሚያሳስበው ሰው አንድ ነገር ልበል። እዚያ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ጥርስና አጥንት መጎዳቱም እውነት ነው። የቱቦው ሙከራ ግን የተሠራው ከዚያ ገደብ እጅግ በበለጠ ፍሎራይድ ነው። ስለዚህ «የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጂ ፕሮቲን ይፈታል» ብላችሁ እንዳታስወሩ አደራ።

ስለ ሶዲየም ደግሞ ባጭሩ፣ ቡና ቤት ስለጀመርኩ። ቡና የሚያነቃን ካፌይኑ አዴኖሲን የሚቀበሉትን ሪሴፕተሮች ስለሚዘጋ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ኤ2ኤ የሚባለው፣ በ2012 በጣም በጠራ ምስል ሲታይ መሃሉ ላይ አንድ የሶዲየም አዮን ተቀምጦ ተገኘ። ሶዲየሙ ተቀምጦ ሳለ ሪሴፕተሩ እንደጠፋ ይቆያል። ሲበራ ኪሱ ይጠባል፣ ለሶዲየሙ ቦታ አይኖርም፣ ጂ ፕሮቲኑም የሚገጥመው ለበራው ቅርጽ ነው። ከጨው ሁሉ ተራ የምንለው፣ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው፣ እሱ እንኳ ቦታ አለው።

የቀረው «ለእኛ አይጠቅምም» የሚለው ነው። ይሄን በኢንሱሊን ነው የምመልሰው። ቤተሰቡ ውስጥ የስኳር ታማሚ የሌለበት የአዲስ አበባ ሰው ስንት ነው?

ኢንሱሊን ራሱ መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። ቆሽታችን ውስጥ፣ ማለትም ፓንክሪያስ ውስጥ፣ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ኢንሱሊን እዚያ ተከማችቶ ተራውን ይጠብቃል። ሲከማች ለየብቻ አይደለም። ስድስት ስድስት እየሆነ ክብ ይሠራል፣ በየስድስቱ መሃል ሁለት የዚንክ አዮን ይቀመጣል። ኢንሱሊን በደንብ ክሪስታል እንዲሠራ ዚንክ እንደሚያስፈልገው በ1934 ታወቀ። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ፎቶ ያነሳችው በ1935 ነው፣ ቅርጹን ፈትታ የጨረሰችው በ1969። ሠላሳ አራት ዓመት! በዚያ መካከል በሌላ ሥራዋ ኖቤል አግኝታለች፣ ኢንሱሊኑን ግን አልተወችውም። ከረጢቱ ተከፍቶ ኢንሱሊኑ ደም ውስጥ ሲፈስ ይቀጥናል፣ አሲድነቱም ይቀንሳል፣ ስድስቱ ይበታተናሉ። የሴሉን ሪሴፕተር የሚያነቃው አንድ አንድ ሆኖ የተለየው ነው፣ ስድስቱ አንድ ላይ ሆነው አይችሉም።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ። ጥርት ያለውን፣ ሬጉላር የሚባለውን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው «ተወግተህ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይተህ ብላ» ይባላል። ለምን? ብልቃጡ ውስጥ ያለው በዚንክ የተያያዘ ስድስት ስድስት ስለሆነ ነው፤ ከቆዳ ሥር ተበታትኖ ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ደመናማው፣ ኤንፒኤች የሚባለው ደግሞ ዚንክና ፕሮታሚን ገብቶበት ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የተሠራ ነው፣ ለዚህም ነው ከመቅዳታችን በፊት በመዳፋችን መሃል ቀስ ብለን የምናንከባልለው። በ1996 ገበያ ላይ የወጣው ሊስፕሮ የተባለው ኢንሱሊን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ ተለዋውጠውበት ነው የተሠራው፤ ቁራጮቹ ቶሎ እንዲለያዩ። እሱን የሚወጋ ሰው ምግቡ ፊት ቁጭ ብሎ መውጋት ይችላል። ለእኛ አይጠቅምም የተባለው ይሄ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ልጠብቅ ወይስ ልብላ የሚለው የዕለት ጥያቄ መልሱ ያለው ሁለት የዚንክ አዮኖች ላይ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጠንካራ ነጥብ ልሰጣቸው፣ እሳቸው አላነሱትም። የጊኒ ፒግ ኢንሱሊን ዚንክ አይዝም፣ ስድስት ስድስትም አይሆንም፣ እንስሳዋ ግን ትኖራለች። ስለዚህ ዚንክ ለኢንሱሊን ሕይወት ሞት አይደለም። ደግሞ በ2014 ከ150 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ዚንክን ወደ ኢንሱሊን ከረጢት የሚያስገባው ፕሮቲን ካሉት ሁለት የዘረመል ቅጂዎች አንዱ የተበላሸባቸው ሰዎች ለዓይነት ሁለት ስኳር ያላቸው ተጋላጭነት በ65 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ተገርሜያለሁ። ይሄ አዮን አያስፈልግም ማለት አይደለም፣ የት ቦታና ምን ያህል የሚለው ጥያቄ ከምናስበው በላይ ስስ መሆኑን ያሳያል።

ለዚህም ነው ስለ ዚንክ ባወራሁ ቁጥር «ታዲያ ከፋርማሲ ልግዛ?» ለሚሉኝ ሰዎች ቶሎ የምመልሰው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦአርኤስ ጋር ለ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው ዚንክ ሕይወት ያድናል፣ እሱን እንዳትተዉ። ጤነኛ አዋቂ ግን በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ ሰውነቱ መዳብ መቀበል ይሳነዋል፣ ደሙም ነርቩም ይጎዳል። እኔ ያልኩት አዮን የማሽኑ አካል ነው ነው። ማሽን ላይ ብሎን ስላለ ተጨማሪ ብሎን አይጨመርበትም።

ጸሐፊው ይሄን ካነበቡ የምለምናቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአንፊንሰኑን አንቀጽ ያስተካክሉልን፣ የ1973ቱን ሙሉ ሐሳቡን ይጨምሩበት። ሁለተኛ፣ «ካልሲየም ሆነ ማግኒዚየም ለውጥ የለውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያውጡት። የቀረው እንደ አስተያየት ሊቆይ ይችላል፣ እንከራከርበታለን፣ ከፈለጉ ማኪያቶው በእኔ። እነዚህ ሁለቱ ግን እንዳሉ ፈተና ወረቀት ላይ እየተገለበጡ ነው። የአክስቴ ልጅ ፈተናው ሐሙስ ነው።